ለራሱ የሚያወራውን ሕፃን ያደመጠው ሊቅ

ሦስት ወይም አራት ዓመት የሞላው ሕፃን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሲጫወት የተመለከተ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ሕፃኑ አጠገቡ ሰው ኖረም አልኖረም ያወራል። አንዱን እንጨት ወዲያ ይገፋል፣ ሌላውን ጠጠር ወዲህ ይስባል፤ የሚያደርገውንም ሁሉ ለማንም ሳይሆን ለራሱ ይናገራል። ትልልቆቹ ሰዎች አይተው ይስቃሉ፤ ወይም ዝም እንዲል ይቆጡታል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ግን ይህ ንግግር ከአፉ ላይ ይጠፋል። ወዴት ሄደ? ጠፍቶ ቀረ ወይስ ተለውጦ ሌላ ነገር ሆነ?

ለዚህች ትንሽ ለምትመስል ጥያቄ መልስ ሲፈልግ የሰው ልጅ አሳብ ከየት እንደሚመነጭ እስከ መጠየቅ የደረሰው ሌቭ ሴምዮኖቪች ቪጎትስኪ ነው። ዛሬ መምህራን በሚሠለጥኑበት ቦታ ሁሉ ስሙ ይነሣል። እኛም በዩኒቨርሲቲ ሳለን ለፈተና ከሚሸመደዱት ስሞች መካከል ቆጥረነው ነበር። ነገር ግን ሰውየው እንዴት እንደ ኖረና ያን አሳብ በምን ሁኔታ እንዳሰበው በማስታወሻ ደብተራችን ላይ አልሰፈረም ነበርና፣ ታሪኩን በዛሬው እሑድ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቪጎትስኪ የተወለደው ኖቬምበር 17 ቀን 1896 ዓ.ም. ኦርሻ በተባለች ከተማ ነው። ከተማይቱ ያን ጊዜ በሩሲያው ዛር ግዛት ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ የቤላሩስ ናት። ቤተሰቡ አይሁዳዊ ነበር። ሕፃኑ ገና ዓመት ሳይሞላው ወላጆቹ ወደ ጎሜል ሄዱና ያደገው በዚያ ነው። አባቱ የባንክ ሹም፣ እናቱ በመምህርነት የሠለጠነች፣ ልጆቻቸውም ስምንት ነበሩ። አባትየው በከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንዲቋቋም ከደከሙት ሰዎች አንዱ ነበረ። ማታ ማታ በሳሞቫር ዙሪያ ተቀምጦ ሻይ እየጠጡ ስለ መጻሕፍት መጨዋወት የቤቱ ልማድ ነበር።

ልጁን በቤት ያስተማረው ሶሎሞን አሽፒዝ የሚባል የሒሳብ ሰው ነው። ይህ ሰው በዛሩ መንግሥት ላይ ተነሥተሃል ተብሎ ወደ ሳይቤሪያ ተግዞ የተመለሰ ነበር። አስተማሪነቱም እንግዳ ነው። ትምህርቱን ከላይ እያፈሰሰ አያጠናም፤ ልጁ ያሰበውን እንዲናገር ያደርግና በጥያቄ ላይ ጥያቄ እየጨመረ፣ ስሕተቱን ራሱ እስኪያገኘው ድረስ ይመራዋል። ቪጎትስኪ ከብዙ ዓመት በኋላ ዕውቀት በሁለት ሰዎች መካከል ተወልዶ ኋላ ወደ አንዱ ልብ እንደሚገባ ሲያስተምር፣ ይህ የልጅነት ጠረጴዛው ትዝ ሳይለው ይቀራል ብሎ ለማመን ያስቸግረናል።

በ1913 ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በወርቅ ሜዳይ ተመረቀ። ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በዛሩ ሕግ ወደ ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ተማሪዎች መካከል አይሁድ ከመቶ 3 እንዳይበልጡ ተወስኖ ነበር። እስከዚያ ድረስ በዚህች ጠባብ በር የሚያልፉት የወርቅ ሜዳይ ያላቸው ልጆች ነበሩ። ልክ በዚያ ዓመት ግን መንግሥት አዲስ ትእዛዝ አወጣና፣ አይሁዳውያኑ በማዕርጋቸው መሆኑ ቀርቶ በዕጣ እንዲገቡ አዘዘ። የልጁ ትጋት ሁሉ በአንድ ቀን ከንቱ ሆነ። ዕጣው ተጣለ፤ ለቪጎትስኪም ወጣለት። ለእርሱ ሲወጣ ለሌላው ጎበዝ አልወጣለትምና፣ የዚያን ሌላውን ስም ዛሬ ማንም አያውቀውም።

መጀመሪያ የገባው ወደ ሕክምና ትምህርት ነው። ሐኪም የሆነ አይሁዳዊ ለሕዝቡ ከተከለለለት አገር ወጥቶ ለመኖር ይፈቀድለት ነበርና የወላጆቹ ምርጫ ይህ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሕክምናውን ትቶ ወደ ሕግ ተዛወረ። ልቡ ግን ከሁለቱም አልነበረም። ከመንግሥት ጋር ተጣልተው ዩኒቨርሲቲውን የለቀቁ ሊቃውንት በሚያስተምሩበት ሻንያቭስኪ በተባለው የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ታሪክና ፍልስፍና ይከታተል ነበር፤ በ1916ም ስለ ሼክስፒር ሐምሌት አንድ ትልቅ ጥናት ጻፈ። ትምህርቱን በጨረሰበት በ1917 የዛሩ መንግሥት ወደቀ። እርሱም ወደ ጎሜል ተመልሶ መምህር ሆነ፤ በመምህራን ማሠልጠኛውም አንዲት ትንሽ የሥነ ልቡና መመራመሪያ ክፍል አቋቋመ። በነዚያ የጦርነትና የራብ ዓመታት የሳምባ ነቀርሳ ወደ ቤታቸው ገብቶ ወንድሙን ገደለው። በ1920 ገደማ እርሱንም ያዘው። ከዚያ ጀምሮ የሠራው ሥራ ሁሉ ዕድሜው አጭር መሆኑን የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው።

በጃንዋሪ 1924 ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ በምትባለው ከተማ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ጉባኤ ተደረገ። የ27 ዓመቱ የጎሜል መምህር ከዋና ከተማ ሊቃውንት ፊት ቆሞ ንግግር አደረገ። በእጁ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ይዞ አልፎ አልፎ ወደ እርስዋ ይመለከት ነበር። ከአድማጮቹ አንዱ የነበረው ወጣቱ አሌክሳንደር ሉሪያ በኋላ እንደ ተረከው፣ ንግግሩ ካለቀ በኋላ ወረቀቷ ስትታይ ምንም አልተጻፈባትም። ሉሪያ አለቃውን ኮርኒሎቭን ለምኖ ይህ ሰው ወደ ሞስኮ ወደ ሥነ ልቡናው ተቋም እንዲጠራ አደረገ። ቪጎትስኪም በዚያው ዓመት ሮዛ ስሜኾቫን አግብቶ መጣ፤ መኖሪያውም በተቋሙ ምድር ቤት የተሰጠው ክፍል ሆነ። በኋላ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ቤተሰቡ በአንድ ክፍል ይኖር ስለ ነበረ፣ ሕፃናቱ በአጠገቡ እየተጫወቱ እርሱ በጠረጴዛው ላይ ይጽፍ ነበር።

ከዚህ በኋላ የቀረው ዕድሜ አሥር ዓመት ብቻ ነው። ከዚያውም ላይ በ1925 መጨረሻ በሽታው ተነሥቶበት ግማሽ ዓመት ያህል በሆስፒታል ተኝቷል። በዚያም አልጋ ላይ ሆኖ ሥነ ልቡና እንደ ሳይንስ የገባበትን ችግር የሚመረምር ጽሑፍ ይሠራ ነበር።

ወደ ሕፃኑ ንግግር እንመለስ። በዚያ ዘመን ስለ ሕፃናት አነጋገር ከተጻፉት መጻሕፍት ስሙ የገነነው የስዊሱ ሊቅ ዣን ፒያዤ በ1923 ያሳተመው ነበር። ፒያዤና ቪጎትስኪ በአንድ ዓመት የተወለዱ እኩያዎች ናቸው፤ ፊት ለፊት ግን ተገናኝተው አያውቁም። ፒያዤ በጄኔቫ ከተማ በአንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት የሁለት የስድስት ዓመት ልጆችን ንግግር ለአንድ ወር ያህል ቃል በቃል አስመዝግቦ ቢቆጥር፣ ግማሽ የሚጠጋው ለሰው ያልተነገረ ሆኖ አገኘው። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ ሕፃን ዓለምን በሌላ ሰው ዓይን ማየት ገና አልቻለምና፣ የሚናገረው ለሌላው ይግባው አይግባው አያስብም አለ። ሕፃኑ አድጎ ከሰው ጋር መግባባትን ሲማር ያ ንግግር እየከሰመ ይሄዳል። እንግዲህ በፒያዤ አስተያየት ንግግሩ እንደ ወተት ጥርስ የሚወልቅ ነው፤ ለሕፃኑም የሚፈይድለት ነገር የለም።

ቪጎትስኪ የፒያዤን መጽሐፍ አክብሮ አነበበው፤ ወደ ሩሲያኛ ሲተረጎምም መቅድም የጻፈለት እርሱ ነው። በዚህ ነጥብ ግን አልተስማማም። የማይጠቅም ነገር ከሆነ፣ ሕፃኑ ችግር ሲገጥመው ለምን ይበዛል ሲል ጠየቀ። ይህንንም ለማየት እርሱና ረዳቶቹ ሕፃናቱን በሥራ ላይ እንቅፋት ያኖሩባቸው ጀመር። ሕፃኑ ሥዕል ሊሥል ሲነሣ ወረቀቱ ይጠፋል፤ ወይም የሚፈልገው ቀለም ያለው እርሳስ አይገኝም። በዚህ ጊዜ ለራሱ የሚናገረው ንግግር ያለ ችግር ከሚሠራበት ጊዜ ይልቅ ወደ እጥፍ ተጠጋ። በሰላሙ ጊዜ ዝም ብሎ የሚሥለው ልጅ በጭንቁ ጊዜ እያወራ መላ ይፈልጋል ማለት ነው።

ከነዚህ ሕፃናት የአንዱ ነገር ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። አምስት ዓመት ተኩል የሆነው ልጅ ትራም፣ ማለት በከተማ መንገድ ላይ በሐዲድ የሚሄደውን ባቡር፣ ይሥል ነበር። መንኰራኵሩን ሊያዞር እርሳሱን አጥብቆ ቢጫነው ጫፉ ተሰበረ። ልጁ በዱልዱሙ እንጨት ክቡን ሊጨርስ ታገለ፤ ወረቀቱ ላይ የቀረው ግን ቀለም የሌለው ጭረት ነው። ከዚያ መሰበሩን ለራሱ አጉረመረመና እርሳሱን አኖረ፤ የውሃ ቀለም አነሣና በአደጋ የተሰበረ ትራም ይሥል ጀመር። ያች አንዲት ቃል የሆነውን ነገር በመናገር ብቻ አላበቃችም። የሥዕሉን አሳብ አዞረችው፤ ከዚያም በኋላ የሚሆነውን መራች። ሌሎቹ የቁጥር ማስረጃዎች ሁሉ ቢቀሩ ይህ አንዱ ልጅ ብቻ ክርክሩን ለማስረዳት ይበቃ ነበር እንላለን።

ሁለተኛው ፈተና ደግሞ ንግግሩ መጀመሪያ ለማን እንደ ነበረ ለመለየት ነው። ሕፃኑን መስማት ከተሳናቸው ልጆች ጋር ወይም ቋንቋውን ከማያውቁ ልጆች ጋር አንድ ላይ አኖሩት። በሌላ ጊዜ ደግሞ ንግግሩ እንዳይሰማ ከክፍሉ ውጭ ሙዚቃ አስጮኹ። ፒያዤ እንዳለው ንግግሩ ስለ ሰው ግድ የሌለው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይለውጠውም ነበር። ነገር ግን ንግግሩ በብዙ ቀነሰ። ሕፃኑ ለራሱ ሲያወራም የሚሰማውና የሚረዳው ሰው አለ ብሎ ያምናል ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ቪጎትስኪ የነገሩን ቅደም ተከተል ገለበጠው። ቋንቋ ከሕፃኑ ውስጥ ወጥቶ ወደ ሰዎች አይሄድም፤ ከሰዎች ወደ ሕፃኑ ይመጣል። በመጀመሪያ እናት ልጅዋን በቃል ትመራዋለች፤ ቀጥሎ ልጁ ራሱን በዚያው ቃል ጮክ ብሎ ይመራል፤ በመጨረሻም ድምፁ ይሰወርና ዝም ብሎ ማሰብ ይሆናል። ያ የጠፋ የመሰለን ንግግር ወደ ውስጥ ገባ እንጂ አልጠፋም። ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎችም ሥራው በከበደ መጠን ሕፃናት ለራሳቸው የሚናገሩት እንደሚበዛ ደጋግመው አይተዋል።

ወደ ውስጥ የገባው ንግግር ግን ከውጭው ጋር አንድ አይደለም። ያጥራል፤ ባለቤቱ ይቀርና ማሰሪያ አንቀጹ ብቻ ይቀራል። ሰዎች አንድ ላይ ቆመው ትራም ሲጠብቁ፣ ትራሙ ብቅ ሲል ማንም ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይናገርም፤ መምጣቱን በአንዲት ግስ መናገር ይበቃል። ቪጎትስኪ ሥነ ጽሑፍ ዐዋቂ ነበርና፣ ለዚህ ምሳሌ ያመጣው ከቶልስቶይ አና ካሬኒና ነው። በዚያ መጽሐፍ ሌቪንና ኪቲ የልባቸውን የሚገላለጹት የየቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ በጠመኔ እየጻፉ ነው። ሰው ከራሱ ጋር ሲነጋገር ከዚህም ያጠረ ይበቃዋል።

ለመሆኑ ቃል ከመምጣቱ በፊትስ? ሕፃኑ እጁ የማይደርስበትን ዕቃ ለመያዝ ይንጠራራል፤ ጣቶቹ በአየር ላይ ተዘርግተው ይቀራሉ። እርሱ የፈለገው ዕቃውን ነው፤ ለማንም ምልክት መስጠቱ አይደለም። እናቱ ግን አይታ ትመጣለች፤ ዕቃውንም አንሥታ ትሰጠዋለች። ይህ ሲደጋገም ሕፃኑ እጁን የሚዘረጋው ወደ ዕቃው መሆኑ ይቀርና ወደ እናቱ ይሆናል፤ መንጠራራቱም መጠቆም ይሆናል። የእጁን ትርጉም መጀመሪያ ያወቀችው እርስዋ ናት፤ እርሱ ያወቀው ከሁሉ በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነውም እስከዚያ በየፊናቸው ሲሄዱ የነበሩት ማሰብና መናገር ይገናኛሉ። ሕፃኑ የሁሉን ነገር ስም እየጠየቀ ሰውን ማሰልቸት የሚጀምረው በዚያ ጊዜ ነው።

የቃል ትርጉም ግን በዚህ ዕድሜ አያበቃም። ከረዳቶቹ አንዱ ሳካሮቭ ባዘጋጀው ፈተና፣ ቀለማቸው፣ ቅርጻቸው፣ ቁመታቸውና ስፋታቸው የተለያየ 22 የእንጨት ቁርጥራጮች ከበታቻቸው ትርጉም የሌለው ስም ተጽፎባቸው ይቀርቡ ነበር። የተፈታኙ ሥራ የስሙን ትርጉም ማግኘት ነው። ሕፃናት እንደ መጣላቸው ይከምራሉ። ከፍ ያሉት አንዱን በቀለሙ፣ ሌላውን በቅርጹ እያያያዙ እንደ ዘመድ ያሰባስባሉ። እውነተኛውን ትርጉም አጥርቶ ማውጣት የሚቻለው በጉርምስና ዕድሜ ነው። ይህም ሲባል ትልቅ ሰው ሁልጊዜ በጠራ ትርጉም ያስባል ማለት አይደለም፤ በዕለት ኑሮው ብዙውን ጊዜ እንደ ልጅነቱ ያያይዛል።

ትምህርት ቤት በዚህ ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ ለማየት በ1931ና በ1932 ሉሪያ የምርምር ቡድን ይዞ ወደ ኡዝቤኪስታን ሄደ። ቪጎትስኪ በበሽታው ምክንያት አልሄደም። በዚያም ትምህርት ቤት ያልገቡ ገበሬዎች መጋዝ፣ መጥረቢያ፣ መዶሻና ግንድ ሲቀርቡላቸው ግንዱን ከሌሎቹ አንለይም አሉ፤ የሚቈረጥ ግንድ ከሌለ መጋዙ ምን ይሠራል ሲሉ ተከራከሩ። ተመራማሪዎቹ ይህን ያልዳበረ አስተሳሰብ አድርገው ጻፉት። እኛ ግን በዚህ ከሊቃውንቱ ይልቅ ለገበሬው እናደላለን፤ የመለሰው ያልተጠየቀውን ይሁን እንጂ ስለ እንጨት ሥራ ያለው ነገር ስሕተት የለበትም።

ከአሳቦቹ ሁሉ በዓለም የታወቀው ስለ ፈተና የተናገረው ነው። ሁለት ልጆች ተፈትነው ሁለቱም የስምንት ዓመት ልጅ የሚሠራውን ሠሩ እንበል። እንደ ልማዱ እኩል ናቸው ተብሎ ይመዘገባል። አሁን ግን መምህሩ ጥቂት ይርዳቸው፤ የመጀመሪያውን እርምጃ ያሳያቸው፣ ወይም መሪ ጥያቄ ይጠይቃቸው። አንዱ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጥያቄ ድረስ ይደርሳል፤ ሌላው ከዘጠኝ አያልፍም። እንግዲህ ሁለቱ እኩል አልነበሩም። ቪጎትስኪ ሕፃኑ ብቻውን በሚችለውና ከሌላ ጋር ሆኖ በሚችለው መካከል ያለውን ርቀት የቅርብ ዕድገት ክልል ብሎ ሰየመው። አትክልተኛም የበሰለውን ፍሬ ብቻ ቆጥሮ ስለ ማሳው እንደማይፈርድ አሳሰበ። በዚያ ጊዜ በሶቪየት ኅብረት በፈተና ውጤት ብቻ ብዙ ልጆች ሰነፍ ተብለው ወደ ልዩ ትምህርት ቤት ይላኩ ስለ ነበረ፣ ይህ አሳብ የብዙ ሕፃን ዕድል የሚወስን ነበር።

ዓይነ ስውራንና መስማት የተሳናቸው ሕፃናትም ከሥራው ሁሉ የማይለዩ ነበሩ። ከአገሩ ውጭ አንድ ጊዜ ብቻ ሄዷል፤ እርሱም በ1925 መስማት ስለ ተሳናቸው ልጆች ትምህርት ወደተደረገው የሎንደን ጉባኤ ነው። ሕፃኑን የሚጎዳው የጆሮው መደንቈር ብቻ ሳይሆን ከሰዎች ጨዋታ መለየቱ ነው ይል ነበር። በመጀመሪያ እነዚህ ልጆች በአፍ እንዲናገሩ መሠልጠን አለባቸው ካሉት ወገን ነበረ። ኋላ ግን የምልክት ቋንቋቸውም ቋንቋ መሆኑን አምኖ፣ ከሁሉም ዓይነት ንግግር እንዲጠቀሙ መከረ። ለዐዋቂ በሽተኞችም ይኸው መንገድ ሠራ። በፓርኪንሰን በሽታ ተይዞ በደልዳላ ወለል ላይ ከሁለትና ከሦስት እርምጃ በላይ መሄድ ላቃተው ሰው፣ ወለሉ ላይ ወረቀቶች በተራ አስቀመጠለት። በሽተኛውም እያንዳንዱን ወረቀት እየተሻገረ ሄደ።

በሜይ 1934 ሥራ ላይ ሳለ ደም አስተፋው። አሳብና ንግግር የተባለውን ዋና መጽሐፉን የመጨረሻ ምዕራፍ በበሽታው ውስጥ ሆኖ ለሌላ ሰው እየተናገረ አስጻፈው። ጁን 11 ቀን በሞስኮ አጠገብ በሚገኝ የሕሙማን ማረፊያ ሞተ፤ ዕድሜው 37 ዓመት ነበር። መጽሐፉ በዚያው ዓመት መጨረሻ ታተመ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በጁላይ 1936፣ የኮሚኒስት ፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ የሕፃናትን ጥናት የሚያወግዝ ውሳኔ አወጣ። ዋናው ክስ በፈተና እያመካኙ ጤነኞችን ልጆች ወደ ልዩ ትምህርት ቤት ይልካሉ የሚል ነበር። ያን ዓይነት ፈተና የነቀፈው ቪጎትስኪ ከተነቃፊዎቹ ጋር አብሮ ተወገዘ፤ ዋና ሥራዎቹም ሃያ ዓመት ያህል ዳግመኛ ሳይታተሙ ቆዩ። ሉሪያም ከኡዝቤኪስታን ያመጣውን ጥናት በመጽሐፍ ለማውጣት እስከ 1974 ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነበት።

አሳብና ንግግር በሞስኮ እንደገና የታተመው በ1956 ነው። በ1962 አጥሮ በእንግሊዝኛ ሲወጣ አሳታሚዎቹ ወደ ጄኔቫ ላኩት፤ ፒያዤም አንብቦ መልስ ጻፈ። የሥራ ባልደረባው ያን ሁሉ ነገር ሲጽፍ እርሱ ሳያውቅ መቅረቱ፣ ሊከራከሩበት የሚገባውን ነገር ሳይከራከሩበት ሰውየው መሞቱ እንዳሳዘነው ገለጸ። በአንዳንዱ ነጥብ በአቋሙ ጸንቶ ተከራከረ። ለራስ የሚነገረው የሕፃን ንግግር ግን ኋላ ወደ ውስጥ ገብቶ አሳብ ይሆናል በሚለው ከቪጎትስኪ ጋር መስማማቱን አስታወቀ። መልሱም ከመጽሐፉ ጋር በትንሽ ጥራዝ ታትሞ ወጣ።